ዓሣን በብልጭታ መሳብ፤ ዶጀር የሚባለው ብረት አሠራርና አጠቃቀም



ዓሣ ለማጥመድ ብዙ ሰው የሚያውቀው መረብንና ትል የተሰካበት መንጠቆን ነው። መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል። ነገር ግን ዋጋው ለአነስተኛ ገበሬ ከባድ ነው፤ በተለይም በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ ዕንቁላል የያዘችውን እናት ሳይምር ያወጣል። ትል የተሰካበት መንጠቆ ደግሞ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ዓሣው እስኪመጣ መጠበቅን ይጠይቃል። ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም ታንኳን ቀስ ብሎ እየቀዘፉ፣ የመንጠቆውን ክር ከኋላ እየጎተቱ፣ ዓሣው ወዳለበት መሄድ ነው። ይህን በዚህ ትምህርት የጉተታ ማጥመድ እንለዋለን።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ሳልመንና ትራውት የሚባሉትን ዓሦች በጉተታ የሚያጠምዱ ሰዎች ከመንጠቆው ፊት አንድ የሚያብረቀርቅ ብረት ያስራሉ። ስሙ ዶጀር ይባላል። ዶጀር ራሱ ዓሣ አይዝም፤ ዓሣን ይጠራል እንጂ። የሚጠራውም ዓሣው አዳኝ ሲሆን፣ ውኃው ብርሃን ሲያሳልፍ፣ የታንኳው ፍጥነትና የክሩ ርዝመት ልክ ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዶጀር በክር ላይ የታሰረ ተራ ብረት ነው። ስለዚህ ይህን ትምህርት የምታነቡ ሁሉ ብረቱን ከመሥራታችሁ በፊት ዓሣውንና ውኃውን እንድታውቁ፣ ከሠራችሁም በኋላ ፈትናችሁ እንድትጠቀሙ እንመክራለን።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ ሐይቅ የለም። ይሁን እንጂ ብረቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ላሜራና ላሜራ የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ በቅርብ ይገኛል፤ ዓሣ የሚበላውም ሕዝብ ብዙ ነው፤ በተለይም በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ሐይቅ ባለበት አገር የምትሠሩ የልማት ሠራተኞችም ትምህርቱን ለአጥማጆቻችሁ ልታደርሱት ትችላላችሁ።

1ኛ/ ዶጀር ምንድን ነው?

ዶጀር ሞላላ፣ ስስና ጠንካራ የብረት ቁራጭ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቅርጹ እጀታው የተቆረጠ ትልቅ ማንኪያ ይመስላል። በሁለቱ ጫፎቹ አንዳንድ ቀዳዳ አለው። በፊተኛው ቀዳዳ ወደ አጥማጁ እጅ የሚመጣው ዋናው ክር ይታሰራል። በኋለኛው ቀዳዳ ደግሞ መንጠቆውን የሚጎትተው አጭሩ የኋላ ክር ይታሰራል።

የዶጀር ሥራ ሁለት ነው።

ሀ/ ብርሃን እየመለሰ ያብለጨልጫል፤ በዚህም ከሩቅ ያለውን ዓሣ ይስባል።

ለ/ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ከኋላው ያለውን መንጠቆ አብሮ ያወዛውዘዋል። በመሆኑም በራሱ የማይንቀሳቀስ ማታለያ ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ ይመስላል።

ፍላሸር የሚባል ሌላ ብረት አለ፤ ሰዎች ከዶጀር ጋር ያምታቱታል። ፍላሸር በውኃ ውስጥ ሙሉ ዙር ይሽከረከራል። ዶጀር ግን ዝንብ እንደምታባርር ላም ጅራት ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ አይዞርም። ዶጀራችሁ መዞር ከጀመረ ፍጥነታችሁ በዝቷል፤ ወይም ጉብጠቱ ከልክ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ምልክት በደንብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

2ኛ/ ዓሣው ስለ ምን ይመጣል?

ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላ ዓሣ ምግቡን በሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው ዓይኑ ነው። ትንሽ ዓሣ በውኃ ውስጥ ሲታጠፍ ጎኑ ለአፍታ ያበራል፤ አዳኙ ይህን ብልጭታ ያውቀዋል። ሁለተኛው በጎኑ ላይ ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ የተዘረጋው መስመር ነው። ዓሣ በዚህ መስመር የውኃን መነቃነቅ ይሰማል። ስለዚህ የሚወዛወዝ ብረት ለዓይኑም ለጎኑም መልእክት ይልካል። አዳኙ ትናንሽ ዓሦች የሚሯሯጡ መስሎት ይቀርባል፤ ሲቀርብም ከብረቱ ኋላ የምትንፈራገጠውን ማታለያ ያገኛል።

ሁሉም ዓሣ ግን አዳኝ አይደለም። ቀረሶ በአብዛኛው የሚመገበው በውኃ ውስጥ ያሉትን ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅዋት ነው። ዱባ የሚባለው ዓሣ ጭቃ እየቆፈረ ይበላል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ዓሣም ያድናል፤ ነገር ግን ከዓይኑ ይልቅ በሽታና በሪዙ ይመራል፤ ሌሊትም ይሠራል። ለእነዚህ ሦስቱ ዶጀር መሥራት ድካም ነው። በአሜሪካ ኮካኒ የሚባለው የሳልመን ዘር ደቃቅ ነፍሳትን የሚበላ ሆኖ ሳለ በዶጀር ይያዛል፤ ስለ ምን እንደሆነም አጥማጆች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ግን የኮካኒ ጠባይ ነው፤ ከእርሱ ተነሥታችሁ ቀረሶም እንዲሁ ይሆናል ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

3ኛ/ በአገራችን የትኛው ውኃ ይስማማዋል?

የባሌ ወንዞች። ትራውት የአገራችን ተወላጅ ዓሣ አይደለም። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ በዲንሾ አጠገብ በሚፈስሰው በዌብና በዳንካ ወንዞችም ይገኛል። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውኃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በቆላ ሐይቆቻችን መኖር አይችልም። የባሌ ወንዞች ጠባብና ፈጣን ስለሆኑ ታንኳ አይቀዘፍባቸውም፤ ረጅም ክር አይጎተትባቸውም። በዚያ የሚሻለው ከዳር ቆሞ የሚወረወር ትንሽ የሚያበራ ማታለያ ነው። አብዛኛው ስፍራም በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ወይም በአቅራቢያው ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። እንግዲህ ትራውት ያለበት ውኃችን ለዶጀር አይመችም፤ ለዶጀር የሚመቸው ውኃችን ደግሞ ትራውት የለውም። ስለዚህ የትራውትን ብረት ለራሳችን አዳኝ ዓሣ እንሞክረዋለን።

ጣና። ለዚህ ሙከራ ከሁሉ የሚመረጠው ጣና ነው። ጣና ከአገራችን ሐይቆች በስፋት አንደኛ ሲሆን፣ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል፣ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉትን የዓባይ ዓሦች ወደ ላይ እንዳይወጡ ስለሚያግዳቸው፣ በሐይቁ ውስጥ ያለው የነጭ ዓሣ ዘር ለብቻው በብዙ ዓይነት ተከፋፍሏል። ሊቃውንት 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል፤ ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የነጭ ዓሣ ዘር ጥርስ በመንጋጋው ላይ የለውም፤ ጥርሱ በጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዘር ይህን ያህል አዳኝ ዓይነት ማውጣቱ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር ነው። ለእኛም መልካም ዕድል ነው፤ አዳኝ ዓሣ ብልጭታን ይከተላልና። ሐይቁ ጥልቅ ስላልሆነ ክሩን እጅግ ማስመጥ አያስፈልግም፤ የደንገል ታንኳም በባሕርዩ ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ለጉተታ ይስማማል።

ጫሞ። በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ አዳኝ ይኖራል፤ ከ50 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ይገኝበታል። ይህ ዓሣ በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆችም በጉተታ ይጠመዳል። ይሁን እንጂ በጫሞ አዞና ጉማሬ አለ። በትንሽ ታንኳ ሆኖ እንዲህ ያለ ዓሣ መጎተት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው፤ ጠንካራ ጀልባና ስፍራውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ አትሞክሩት።

ቆቃ። ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚነሣ ሰው ከትልልቆቹ የዓሣ ውኃዎች የሚቀርበው በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ከተሠራው ግድብ ጀርባ ያለው የቆቃ ሐይቅ ነው። በቆቃ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ዱባና ቢልጫ የሚባለው የነጭ ዓሣ ዘመድ ይገኛሉ። ውኃው ግን ከአዋሽ በሚመጣ አፈር የደፈረሰ ስለሆነ ብልጭታው ሩቅ አይታይም። በቆቃ በዶጀር ላይ ተስፋ መጣል አይበጅም።

ትንሹ አቃቂ። በክፍለ ከተማችን በሚያልፈው በትንሹ አቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ከቶ አታጥምዱ። የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚገባበት ውኃ ስለሆነ ከእርሱ የሚወጣ ዓሣ ቢገኝ እንኳ ለምግብ አይሆንም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ፣ በአዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳሉ። ስለዚህ በመካኒሳ ወይም በላፍቶ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ መጨረሻው የቆቃ ዓሣ ሆድ መሆኑን ልብ አድርጉ።

ሌላ ውኃ ያላችሁ ከሆነ በቀላሉ መርምሩት። ብረቱን በክር አስራችሁ ከታንኳው ጎን ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱት፤ ከዓይናችሁ የሚሰወርበትንም ጥልቀት ለኩ። ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ከጠፋ ውኃው ለዶጀር አይመችም። አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ከታየ መሞከር ይቻላል።

4ኛ/ ብረቱን እንዴት እንሠራለን?

ዶጀር ከውጭ አገር ተገዝቶ መምጣት የለበትም። በጎፋ ወይም በመካኒሳ ያለ ባትላሜራ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ላሜራ፣ ነሐስ ወይም መዳብ፣ የላሜራ መቀስ፣ ሞረድ፣ ትራፓኖና የብርጭቆ ወረቀት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ በወረቀት ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሞላላ ቅርጽ ሥላችሁ ቁረጡ። ወረቀቱን በላሜራው ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን ጫሩ።

ለ/ በመቀስ ከቆረጣችሁ በኋላ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት። የተሳለ ጠርዝ ክርን ይበጥሳል፤ እጅንም ይቆርጣል።

ሐ/ ከእያንዳንዱ ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ገብታችሁ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። የቀዳዳውንም ጠርዝ አለስልሱ።

መ/ ብረቱን በእንጨት ላይ አስቀምጣችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ እንደ ማንኪያ በመጠኑ አጉብጡት። ጉብጠቱ ትንሽ ይሁን፤ ብረቱ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መካከሉ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢነሣ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ሠ/ በብርጭቆ ወረቀት ከዚያም በጨርቅ ወልውሉት። በትንሽ መዶሻ ነቁጥ ነቁጥ ቢደረግበት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትናል።

ስለ ቀለም አጥማጆች የሚከተሉት ልማድ አለ። ውኃው ጥሩና ፀሐዩ ብርቱ ሲሆን ነጭ ብረት፣ ማለዳና ደመና ሲሆን ወይም ውኃው ጥቂት ሲደፈርስ ነሐስ ወይም መዳብ ይመርጣሉ። እናንተም ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብትይዙ ይጠቅማችኋል።

5ኛ/ አስተሳሰሩ

በሁለቱም የብረቱ ቀዳዳዎች ላይ ተሽከርካሪ ቀለበት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ቀለበት በዓሣ ማጥመጃ መሸጫ ይገኛል። ያለ እርሱ ክሩ ተጠማዝዞ እንደ ተበላሸ ልቃቂት ይሆናል።

ዋናው ክር ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ቢሆን ለጣና ነጭ ዓሣ ይበቃል። የኋላውን ክር ከዋናው ጥቂት ያነሰ ጥንካሬ ያለው አድርጉ። መንጠቆው ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ቢያያዝ የሚበጠሰው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ ብረቱ ይተርፋችኋል።

ለማታለያ ቀላሉ የነጭ ዶሮ ላባ ነው። ከመንጠቆው አንገት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን ጥቂት ላባዎች በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ይህ ማታለያ በራሱ አይንቀሳቀስም፤ እንቅስቃሴውን የሚያገኘው ከዶጀሩ ነው። ስለዚህ የኋላው ክር ርዝመት ትልቅ ጉዳይ ነው።

የላባ ማታለያ ከሆነ የኋላው ክር ከዶጀሩ ርዝመት 2 እጥፍ ወይም 2 እጥፍ ተኩል ይሁን። ይህም ለ15 ሳንቲ ሜትር ብረት ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ክሩ ሲያጥር ማታለያው በኃይል ይንፈራገጣል፤ ሲረዝም ደግሞ ይረጋጋል፤ እጅግ ከረዘመ የዶጀሩ ውዝዋዜ አይደርሰውም። ማታለያው ግን እንደ ማንኪያ ተሠርቶ በራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ክሩን ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር አርዝሙለት፤ አለዚያ ዶጀሩ የራሱን እንቅስቃሴ ያበላሽበታል።

ለማስመጥ ከዶጀሩ ፊት 2 ሜትር ያህል ርቃችሁ አንድ ወይም ሁለት የብረት ዳዶ በዋናው ክር ላይ እሰሩ። እርሳስ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ነገር ግን እርሳስ መርዝ ስለሆነና ተበጥሶ በውኃ ውስጥ ስለሚቀር ዳዶ ይሻላል።

6ኛ/ አጎታተቱ

ብረቱን ወደ ኋላ ከመልቀቃችሁ በፊት ከታንኳው አጠገብ አንድ ሜትር ያህል በውኃ ውስጥ አድርጋችሁ እየቀዘፋችሁ ተመልከቱት። ዝም ብሎ ከተጎተተ ፍጥነት ጨምሩ፤ ይህ ካልረዳ ብረቱን ጥቂት አጉብጡት። ከዞረ ፍጥነት ቀንሱ፤ ይህ ካልረዳ ጉብጠቱን አቃኑት። ግራና ቀኝ እኩል ሲወዛወዝ ብቻ ልቀቁት። ከታንኳው ኋላም ከ20 እስከ 30 ሜትር ክር ስጡት።

ተስማሚው ፍጥነት በሰዓት ከ1.6 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያለ መሣሪያ ለመለካት በዳር ላይ በ50 ሜትር ርቀት ሁለት እንጨቶች ትከሉ። ከአንዱ ትይዩ እስከ ሌላው ትይዩ ለመድረስ ከ60 እስከ 110 ሰከንድ ከወሰደባችሁ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ከ60 ሰከንድ ካነሰ ፈጥናችኋል፤ ከ110 ከበለጠ ዘግይታችኋል። ነፋስ ሲገፋችሁና ወደ ነፋስ ስትቀዝፉ አንድ ዓይነት ጉልበት አንድ ዓይነት ፍጥነት እንደማይሰጥ አትርሱ።

ሁልጊዜ በቀጥታ አትቅዘፉ። እንደ እባብ አካሄድ ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ተጠማዘዙ። በመታጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ያለው ብረት ይፈጥናል፤ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገይና ይሰምጣል። ዓሣው በውጭው ክር ላይ ከመጣ ፍጥነት እንደሚፈልግ፣ በውስጠኛው ላይ ከመጣ ዝግታ ወይም ጥልቀት እንደሚፈልግ ትረዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ቀጥታ ስትሄዱም በዚያው ልክ ቅዘፉ።

ዶጀር ሲወዛወዝ በክሩ በኩል ትርታው በእጅ ይሰማል። ትርታው ከጠፋ እንደ እምቦጭ ሥር ወይም ሣር ያለ ነገር ተይዞበታልና ሰብስባችሁ አጽዱት። እምቦጭ በጣና ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የጉተታ ክር ትልቅ ጠላት ሆኗል፤ ከምንጣፉ ርቃችሁ ቅዘፉ።

7ኛ/ ለሁሉም ከማዳረስ በፊት ፈትኑት

የልማት ሠራተኞች ይህን ክፍል በተለይ ልብ እንድትሉ ያስፈልጋል። ዶጀር በሳልመንና በትራውት ላይ የታወቀ መሣሪያ ነው። በእናንተ ውኃና በእናንተ ዓሣ ላይ መሥራቱን ግን የሚያረጋግጠው ፈተና ብቻ ነው። አዲስ የጤፍ ዘር ሲመጣ ማሳውን ሁሉ እንደማትሸፍኑበት፣ ከነባሩ አጠገብ በትንሽ መደብ ዘርታችሁ እንደምታስተያዩት፣ ይህንም እንዲሁ አድርጉ።

ሀ/ በአንድ ታንኳ ሁለት ክር ጎትቱ። አንዱ ዶጀር ይኑረው፤ ሌላው አይኑረው። ላባው፣ መንጠቆው፣ ክብደቱና የክሩ ርዝመት በሁለቱም አንድ ይሁን።

ለ/ በየሰዓቱ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ለውጡ። አለዚያ ልዩነቱ የብረቱ ይሁን የጎኑ ወይም የክር ያዡ እጅ አይታወቅም።

ሐ/ በደብተር ላይ ቀኑን፣ የተጎተተበትን ሰዓት፣ በየክሩ የነካውን፣ የተያዘውንና የተለቀቀውን ዓሣ ቁጥር ጻፉ። ምንም ያልተያዘበትንም ቀን ጻፉ፤ ባዶ ቀን የማይጻፍበት ደብተር ይዋሻል።

መ/ ቢያንስ 10 ቀን ከሠራችሁ በኋላ ደምሩ።

ለምሳሌ ያህል፣ በ10 ቀን ዶጀር ባለው ክር 14፣ በሌለው 5 ዓሣ ተይዞ ቢገኝ ብረቱ ጠቅሟል ማለት ይቻላል። 7 እና 6 ቢሆን ግን ልዩነቱ ዕድል ሊሆን ይችላልና ፈተናውን ቀጥሉ። ዶጀር ያለው ክር ካልበለጠ ብረቱን ፍቱትና በላባው ብቻ ሥሩ። ለአጥማጁ የማይጠቅምን ነገር ከሩቅ አገር ስለመጣ ብቻ ማስተማር የልማት ሥራ አይደለም።

8ኛ/ የሚለቀቀውና የሚያዘው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። በጣና ሞተር ያለው ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ምርት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ተብሎ የተገለጸው በመራቢያ ወራት በወንዞች አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ ነው። ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ ገልዳና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ ስፍራ ዕንቁላል ይጥላሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ በጠባብ በር ስለሚያልፉ በዚያ የተዘረጋ መረብ የዓመቱን ዘር ያጠፋል። ይህም ዘር እህልን በልቶ ለክረምት ባዶ እጅ መቅረትን ይመስላል። ይባስ ብሎ የጣና አዳኝ ነጭ ዓሣ ከዚያ ሐይቅ ውጭ በዓለም ላይ የለም፤ ካለቀ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

መንጠቆ ከመረብ የሚሻልበት ትልቁ ነገር ዓሣው በሕይወት በእጅ ስለሚገባ ነው፤ ማስቀረትና መልቀቅ የአጥማጁ ፈንታ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው የሚለቀቀውን የሚለቅ ሰው ሲኖር ነው። ዶጀር የሚመርጠው አዳኞቹን ነው፤ አዳኝ ደግሞ በማንኛውም ውኃ ቁጥሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ጠብቁ።

ሀ/ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ አጠገብ አትጎትቱ።

ለ/ ሆዷ የተነፋና ሲነኳት ዕንቁላል የምታፈስስ ሴት ዓሣ ስትያዝ ወዲያው ልቀቁ። ትናንሾቹንም እንዲሁ።

ሐ/ የመንጠቆውን ተቃራኒ ሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኙት። ዓሣው ሳይቀደድ ይላቀቃል፤ ክሩን ሳታላሉ ከጎተታችሁ ብዙም አያመልጣችሁም።

መ/ የሚለቀቀውን ዓሣ በእርጥብ እጅ ያዙ፤ በስንጥቡ ውስጥ ጣት አታግቡ፤ ቢቻል ከውኃ ሳታወጡት ፍቱት።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ለመሸጥ ከማጥመዳችሁ በፊት ስለ ፈቃድና ስለ ተከለከሉ ስፍራዎች የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስለ ዓሣ ዓይነትና ጠባይ ለሚነሣ ጥያቄም በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ።

9ኛ/ ስለ ነፍስና ስለ ዓሣው ጥንቃቄ

የጉተታ ክርን በእጅ አንጓ፣ በጣት ወይም በእግር ላይ ከቶ አትጠምጥሙ። ትልቅ ዓሣ በድንገት ሲስብ ሰውን ከታንኳ ሊጥል ይችላል። ክሩን በእንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ የሚይዘውን እጅ በጨርቅ ሸፍኑ። አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው ክር ይያዝ፤ ለብቻችሁ አትውጡ፤ የሚያንሳፍፍ ሰደርያም ልበሱ። በጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በማለዳ ወጥታችሁ ቀትር ሳይሆን ተመለሱ። ለዓሣውም የሚሻለው ማለዳ ነው።

የተያዘውን ዓሣ ወዲያው ገድላችሁ ደሙን አፍስሱ፤ ሆድ ዕቃውን አውጡ፤ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ በጥላ ሥር በእርጥብ ሣር ሸፍኑ። በረዶ ከሌለ በዚያው ቀን መሸጥ አለበት። በፀሐይ የዋለ ዓሣ ዋጋው ይወድቃል፤ የገዛውም ሰው ሁለተኛ አይመለስም።

ማጠቃለያ

በአጭሩ፣ ዶጀር ለአዳኝ ዓሣና ለጥሩ ውኃ የሚሆን መሣሪያ ነው። ይወዛወዝ እንጂ አይዙር። የኋላው ክር ለላባ ማታለያ ከብረቱ ርዝመት 2 እጥፍ እስከ 2 እጥፍ ተኩል ይሁን። 50 ሜትር በ60 እስከ 110 ሰከንድ ቅዘፉ። ከሌላ ክር ጋር አስተያይታችሁ በደብተር ጻፉ። እናቲቱን ልቀቁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ በአካባቢያችሁ ውኃ ውስጥ ከሚገኙት ዓሦች ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላው የትኛው ነው? ሆዱን ከፍታችሁ ምን እንደበላ አይታችኋልን?

2/ ዶጀር በውኃ ውስጥ ሲዞር ብታዩ አስቀድማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ያ ካልረዳስ?

3/ በፈተናው ጊዜ ሁለቱን ክሮች በየሰዓቱ ጎን ማለዋወጥ ስለ ምን ያስፈልጋል?

4/ በመንደራችሁ በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ቢኖር፣ በሽማግሌና በማኅበር እንዴት አድርጋችሁ ትመክሩታላችሁ?

ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሏችሁ ይህን ትምህርት እያነበባችሁ አስረዷቸው። ብረቱንም በእጃቸው ይዘው በውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ይዩት፤ ከብዙ ቃል ይልቅ ያ ያስተምራቸዋል።